ስንት ዓመት ወሰዱት? ስለ አጥንት መሳሳት መድኃኒትና ስለ ጭን አጥንት ስብራት



የጭን አጥንት ከሰውነታችን አጥንቶች ሁሉ ረጅሙም ጠንካራውም ነው። ከመካከሉ ተሰበረ ሲባል ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው የመኪና አደጋ ወይም ከከፍታ መውደቅን ነው። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ግን በተለያዩ አገሮች ያሉ የአጥንት ሐኪሞች ግራ የሚያጋባ ነገር ማየት ጀመሩ። (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከወንበር ስትነሣ፣ ከደረጃ ስትወርድ፣ ወጥ ቤት ቆማ ዞር ስትል ጭኗ የተሰበረ ሴት ትመጣለች። መኪና አልገጫትም። አንዳንዷማ የወደቀችው አጥንቷ ከተሰበረ በኋላ ነው። ራጁ ላይ የሚታየው ስብራትም የተፈረካከሰ ወይም የተጠማዘዘ ሳይሆን አግድም ቀጥ ብሎ የሄደ ነው።

በ2005 ከአሜሪካዋ ዳላስ የወጣ አንድ የሕክምና ጽሑፍ፣ ይህ ነው የሚባል አደጋ ሳይደርስባቸው አጥንታቸው የተሰበረ 9 ሕሙማንን አስተዋወቀ። ዘጠኙም አንድ ዓይነት መድኃኒት ለዓመታት ሲወስዱ የቆዩ ናቸው። በ2007 ደግሞ ሲንጋፖር ውስጥ በቀላል አወዳደቅ የጭናቸው የላይኛው ክፍል የተሰበረ 13 ሴቶች ሲመረመሩ፣ 9ኙ ያንኑ መድኃኒት ይወስዱ ነበር። ስሙ አሌንድሮኔት ነው፤ ብዙዎቻችሁ ፎሳማክስ በሚለው የንግድ ስሙ ታውቁታላችሁ። የሚታዘዘውም አጥንት እንዳይሰበር ነው።

አጥንት እንዳይሰበር የተሰጠ መድኃኒት አጥንት ሊሰብር ይችላል ሲባል የሰማ ሰው ደንግጦ ክኒኑን ቢጥል አይፈረድበትም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ ይህን ሰምቶ መድኃኒቱን ለማንም ሳይነግር ያቋረጠው ነው። ሌላው ሐኪም አንድ ጊዜ ስላዘዘለት ብቻ፣ ማንም «ስንት ዓመት ሆነዎት?» ሳይለው፣ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ሲወስድ የኖረው ነው። ዛሬ የምናገረው ለሁለቱም ነው።

መጀመሪያ መድኃኒቱ ለምን እንደሚሰጥ እንይ። አንዲት ሴት የወር አበባዋ ከተቋረጠ በኋላ አጥንቷ በፍጥነት ይሳሳል። ይህ የአጥንት መሳሳት አያምም፣ አያሳብጥም፤ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው የሆነ ነገር ሲሰበር ነው። የጀርባ አጥንት አንድ በአንድ እየተጨፈለቀ ሴትዮዋ ታጥራለች፣ ትጎብጣለች። ከሁሉ የሚከፋው የዳሌ ስብራት ነው። በስተርጅና ዳሌያቸው ከተሰበረ ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ያህል በአንድ ዓመት ውስጥ ይሞታሉ፤ ከተረፉትም ብዙዎቹ እንደ ቀድሞው ራሳቸውን ችለው መንቀሳቀስ ያቅታቸዋል። በ1996 የታተመ ጥናት ቀድሞ የጀርባ አጥንት ስብራት የነበረባቸውን 2,027 ሴቶች ሦስት ዓመት ያህል ተከታተለ። መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከወሰዱት 15 በመቶዎቹ ላይ አዲስ የጀርባ አጥንት ስብራት ሲታይ፣ አሌንድሮኔት ከወሰዱት ግን 8 በመቶዎቹ ላይ ብቻ ታየ። የዳሌ ስብራትም ከ2.2 በመቶ ወደ 1.1 በመቶ ወረደ። መድኃኒቱ ሥራውን ይሠራል። ቀጥሎ የምናገረው ሁሉ ይህን ሳይረሱ እንዲሰማልኝ እፈልጋለሁ።

እንዴት ነው የሚሠራው? አጥንት በሕይወት ያለ ነገር ነው። በየዓመቱ ከአጥንታችን አንድ አሥረኛ ያህሉ ፈርሶ እንደገና ይሠራል። ያረጀውን የሚያፈርሱ ሕዋሳት አሉ፤ በቦታው አዲሱን የሚገነቡ ሌሎች ሕዋሳት አሉ። ከማረጥ በኋላ አፍራሾቹ ገንቢዎቹን ይቀድሟቸዋል። አሌንድሮኔትና ዘመዶቹ ቢስፎስፎኔት የሚባለው የመድኃኒት ቤተሰብ አባላት ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጠው ዞሌድሮኒክ አሲድም የዚሁ ቤተሰብ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች አጥንት ላይ ይጣበቃሉ፤ አፍራሹ ሕዋስ አጥንቱን ሲበላ አብሮ ይውጣቸውና ሥራውን ያቆማል። የአጥንቱ መሳሳት ይገታል። ከሌላ መድኃኒት የሚለዩት አንድ ነገር አለ፦ ክኒኑን ካቆሙ በኋላም አጥንት ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ።

ችግሩ የሚመነጨው ከዚሁ ከጥቅሙ ነው። ጭቃ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው፣ የተሰነጠቀ ምርጊት ካልተፋቀ አዲሱ ጭቃ እንደማይዝ ያውቃል፤ ፍቆ የሚመርግ ሰው ከጠፋ ስንጥቁ ይሰፋል። በየቀኑ ስንራመድ፣ ደረጃ ስንወጣ፣ ዕቃ ስንሸከም አጥንታችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ስንጥቆች ይፈጠራሉ። እነዚያን ስንጥቆች የሚጠግናቸው የማፍረስና የመገንባት ሥራ ነው። አፍራሹ ለብዙ ዓመታት ከታሰረ ጥገናውም አብሮ ይዘገያል። ከዳላሶቹ ሕሙማን በተወሰደው የአጥንት ናሙና የታየውም ይኸው ነው፤ አጥንቱ ራሱን ማደሱን ሊያቆም ምንም አልቀረውም ነበር።

ታዲያ ለምን ጭን? ስንቆም የሰውነታችን ክብደት በጭን አጥንት ላይ እኩል አይወርድም። የውስጠኛው ጎኑ ይጨመቃል፣ የውጭኛው ጎኑ ይወጠራል። አጥንት መጨመቅን ከመወጠር በተሻለ ይችላል። ስለዚህ ስንጥቁ ከውጭኛው ጎን ይጀምርና ወደ ውስጥ እየገፋ ይሄዳል። በራጅ ገና ከመጀመሪያው ሊታይ ይችላል። ከዳሌው ዝቅ ብሎ፣ በአጥንቱ የውጭ ጠርዝ ላይ ትንሽ ሾጠጥ ያለች እብጠት ትታያለች፤ አጥንቱ ስንጥቁን ለመድፈን ሲታገል የጣላት ናት። እብጠቷን ትኩር ብሎ ላየ በመካከሏ አግድም የሄደች በጣም የቀጠነች ጥቁር መሥመር አለች። ለለመደ ዓይን ብዙ ትናገራለች፤ ላልለመደ ዓይን በቀላሉ ታልፋለች። ያቺ መሥመር ባለችበት ጊዜ ሰውዬው አሁንም በእግሩ ይሄዳል። እያነከሰም ቢሆን ገበያ ይሄዳል፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ያስቀድሳል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ መሥመሯ አጥንቱን አቋርጣ ስታልፍ ነው ጭኑ የሚሰበረው።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልሂድ። ፍርሃትን በቁጥር መለካት ካልቻልን ውሳኔያችን ሁሉ በወሬ ይሆናልና። የስዊድን ተመራማሪዎች በ2008 በአገሪቱ ጭናቸው የተሰበረ፣ ዕድሜያቸው 55ና ከዚያ በላይ የሆነ 12,777 ሴቶችን መዘገቡ። ስብራታቸው አጠራጣሪ ቦታ ላይ የነበረውን የ1,234ቱን ራጅ አንድ በአንድ አዩ። ያ አግድም የሚሄደው የተለየ ስብራት የተገኘባቸው 59 ሴቶች ሲሆኑ፣ ከነሱ 78 በመቶዎቹ ቢስፎስፎኔት ወስደዋል። ሲሰላ፣ መድኃኒቱን ከሚወስዱ 10,000 ሴቶች መካከል በዓመት 5 ያህሉ ላይ በመድኃኒቱ የተነሣ ይህ ስብራት ይደርሳል ማለት ነው።

በ2020 የታተመው የደቡብ ካሊፎርኒያ ጥናት ከዚህም ይሰፋል። ዕድሜያቸው 50ና ከዚያ በላይ የሆነ 196,129 ሴቶችን ተከትሎ፣ የተለየውን የጭን ስብራት በ277ቱ ላይ አገኘ። የዳሌ ስብራት ደግሞ 9,102 ነበር። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀመጧቸው። 10,000 ነጭ ሴቶች መድኃኒቱን ሦስት ዓመት ቢወስዱ 149 የዳሌ ስብራት ይቀራል፤ 2 የተለየ የጭን ስብራት ይጨመራል። ከእስያ የዘር ሐረግ ባላቸው ሴቶች 91 የዳሌ ስብራት ሲቀር የጭኑ 8 ይሆናል። በጤና ጉዳይ እንዲህ ግልጽ የሆነ ሚዛን ብዙ ጊዜ አይገኝም። አጥንቷ የሳሳና ስብራት የሚያሰጋት ሴት በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አምስት ዓመታት ይህን መድኃኒት መፍራት የለባትም ብዬ ያለ ማመንታት የምናገረው ለዚህ ነው።

ነገር ግን ያው ጥናት ሌላም ያሳያል። አደጋው ከዓመታቱ ጋር ያድጋል። መድኃኒቱን ከሦስት ወር ያነሰ ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸር፣ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የወሰዱት አደጋ 9 እጥፍ ገደማ፣ ስምንት ዓመትና ከዚያ በላይ የወሰዱት ደግሞ ከ43 እጥፍ በላይ ሆኗል። በ2012 የወጣ ሌላ የካሊፎርኒያ ጥናትም ከሁለት ዓመት በታች ለወሰዱት ከ100,000 በዓመት 2 የማይሞላ ቁጥር ሲያገኝ፣ ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ለቆዩበት 113 አግኝቷል። 113 ከ100,000 ብዙ አይደለም። ሆኖም የአጥንቷ ሁኔታ ተሻሽሎ፣ አንድም ስብራት ሳይደርስባት፣ አሥረኛ ዓመቷን ለያዘች ሴት ሚዛኑ እንደ መጀመሪያው አይደለም። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ከአንድ ዓመት በላይ ለወሰደች ሴት ደግሞ አደጋው በእጥፍ ይጨምራል።

ይህ ሁሉ ለሕዝቡ የደረሰው ብዙ ከዘገየ በኋላ ነው። የፎሳማክስ አምራች የሆነው መርክ ኩባንያ በ2008 ስለ ስብራቱ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ለመጻፍ የአሜሪካውን የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍ ዲ ኤን ፈቃድ ጠየቀ። ኤፍ ዲ ኤ በ2009 ነገሩ በጎንዮሽ ጉዳቶች ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ፈቀደ፤ ለማስጠንቀቂያው ክፍል የቀረበውን ረቂቅ ግን ማብራሪያው በቂ አይደለም ብሎ መለሰው። በጥቅምት 2010 የአጥንት ተመራማሪዎች ማኅበር ያቋቋመው ቡድን የ310 ሕሙማንን ታሪክ መርምሮ ዘገባውን ካቀረበ በኋላ ኤፍ ዲ ኤ ራሱ ማስጠንቀቂያው እንዲገባ አዘዘ። ጭናቸው የተሰበረ ከ500 በላይ ሰዎች ኩባንያውን ከሰሱት፤ ክሱ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2019 ታየ። ፍርድ ቤቱ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ አልወሰነም። የወሰነው፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያውን ይከለክል ነበር ወይ የሚለውን ጥያቄ መመለስ ያለበት ዳኛ እንጂ ጁሪ አለመሆኑን ነው። እኔን ከሕጉ ክርክር ይልቅ የሚያሳዝነኝ፣ ከ2008 እስከ 2010 ባለፉት ሁለት ዓመታት ጭኗን ያመማት ሴት የመድኃኒቷን የማስጠንቀቂያ ክፍል ብታነብ ስለ ሕመሟ አንዲት መሥመር የማታገኝ መሆኗ ነው።

ወሬው ሲወጣ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሆነ። አሜሪካ ውስጥ ከ2008 እስከ 2012 ባለው ጊዜ ቢስፎስፎኔት የሚወስዱ ሰዎች ቁጥር ከግማሽ በላይ ወረደ። ከዓመት ዓመት ሲቀንስ የቆየው የአረጋውያን የዳሌ ስብራት ከ2012 በኋላ መቀነሱን አቆመ። አንዱ የሌላው ብቸኛ ምክንያት ነው አልልም፤ ግን መድኃኒቱ የሚያስፈልጋቸው ብዙ ሰዎች እንደጣሉት እርግጥ ነው። ከነሱ መካከል ቀድሞ ዳሌያቸው የተሰበረና ማንም እንዲያቆሙ ሊመክራቸው የማይገባ ነበሩ።

አሁን ከሁሉ በላይ እንድትይዙልኝ ወደምፈልገው ልምጣ፤ ስለ ሕመሙ ነው። ከእነዚያ 310 ሕሙማን ከግማሽ የሚበልጡት አጥንታቸው ከመሰበሩ በፊት ለሳምንታት ወይም ለወራት ብሽሽታቸውን ወይም ጭናቸውን ያማቸው ነበር። ሰውነት ቀድሞ ይናገራል። እኛ ግን ለዚህ ሕመም የምንሰጠው ስም ብዙ ነው። ብርድ ነው እንላለን፤ ሪህ ነው፣ ቁርጥማት ነው፣ ነርቭ ነው፣ ዲስክ ነው እንላለን። እናቶቻችን በቅባት ያሻሉታል፣ በሙቅ ውኃ ይተኩሱታል። አገር ቤት ከሆነም ወጌሻ ይጠራል። ወጌሻ የወለቀ ትከሻ ሲመልስ ያየ ሰው እጁን ያከብራል፤ እኔም አከብራለሁ። ጭን አጥንት ውስጥ ያለ ስንጥቅ ግን በእጅ ዳሰሳ አይታወቅም፤ በማሸት የሚጠፋ ጊዜም ስንጥቁ የሚሰፋበት ጊዜ ነው።

ሐኪም ቤትም ቢሆን ነገሩ ሊያመልጥ ይችላል። ሴትዮዋ ጉልበቷን ትጠቁማለች፤ የጭን ሕመም ወደ ጉልበት ይወርዳልና። የጉልበት ራጅ ይነሣል፤ ጉልበት ያረጀ ነው ተብሎ የሕመም ማስታገሻ ይሰጣታል። ስንጥቁ ግን ከራጁ ክልል በላይ ነው። ስለዚህ ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱን የሚወስድ ሰው ጭኑን ወይም ብሽሽቱን ካመመው፣ ለሐኪሙ የሚናገረው ዐረፍተ ነገር አጭር ነው፦ «ይህን መድኃኒት ይህን ያህል ዓመት ወስጃለሁ፤ የጭኔን አጥንት ከዳሌ እስከ ጉልበት ራጅ አንሡልኝ፤ ሁለቱንም እግር።» ሁለቱንም የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያው ዘገባ ከሩብ በላይ የሚሆኑት በሁለቱም እግራቸው ላይ ነበረባቸው። ራጁ ምንም ሳያሳይ ሕመሙ ከቀጠለ ኤም አር አይ ይታዘዛል።

ስንጥቅ ከተገኘ ሐኪሙ መድኃኒቱን ያስቆማል፤ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ያያል፤ በክራንች እንድትሄድ ያደርጋል። እንደ ስንጥቁ ሁኔታም አጥንቱ ሳይሰበር በውስጡ የብረት ዘንግ እንዲገባ ይመክራል። ከተሰበረ በኋላም የሚገባው ያው ብረት ነው፤ ግን ይህ ስብራት ከሌላው ዘግይቶ ይጠግጋል፤ ቀድሞ ለደረሰ ሰው የሚቀልለትም ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ አደጋው በፍጥነት ይወርዳል። በስዊድኑ ጥናት በየዓመቱ በ70 በመቶ ይቀንስ ነበር።

ስለ ዓመታቱ ደግሞ እንዲህ ነው። በ2016 የወጣው የባለሙያዎች ምክር፣ ክኒን ለአምስት ዓመት ወይም በደም ሥር የሚሰጠውን ለሦስት ዓመት የወሰደች ሴት እንደገና ትመርመር ይላል። ስብራት ካልደረሰባትና የአጥንቷ መጠን ዝቅተኛ ካልሆነ ሐኪሟ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ሊያሳርፋት ይችላል። መድኃኒቱ አጥንት ውስጥ ስለሚቆይ በዕረፍቱ ጊዜም ጥበቃው በአንድ ጊዜ አይጠፋም። የዳሌ ወይም የጀርባ ስብራት ያለባት ግን ክኒኑን እስከ አሥር ዓመት፣ በደም ሥር የሚሰጠውን እስከ ስድስት ዓመት ልትቀጥል ትችላለች። ለአንዷ ማቆም መድኃኒት ነው፤ ለሌላዋ መቀጠል።

የኛ ሰው ችግር እዚህ ላይ ይገባል። እዚህ አሜሪካ ያለ ልጅ ለእናቱ በየዓመቱ በሻንጣ መድኃኒት ይልካል። እናትየው አንድ ጊዜ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው የታዘዘላቸው ነው። ያዘዘው ሐኪም ከዚያ ወዲያ አላያቸውም፤ አገር ቤት ያለው ሐኪም መታዘዙን አያውቅም፤ ልጁ ደግሞ እናቱን በመርዳቱ ደስ ብሎት እየገዛ ይልካል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ዓመታቱን የሚቆጥር ማንም የለም። እባካችሁ፣ ዛሬ ማታ ደውላችሁ ጠይቁ፤ የተጀመረበትን ወርና ዓመት በመድኃኒቱ ካርቶን ላይ በብዕር ጻፉ፤ አገር ቤት ያሉ ዘመዶችም እናትን ለሐኪም ሲያሳዩ ያን ካርቶን ይዘው ይሂዱ።

ስትደውሉ አወሳሰዱንም ጠይቁ። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰደው ክኒን የሚዋጠው ጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ነው። ከዚያ ግማሽ ሰዓት መብላትም መተኛትም የለም፤ ቁጭ ማለት ወይም መቆም ብቻ። በቡና ከተዋጠ ወደ ደም የሚገባው መድኃኒት በ60 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጠዋት ቡናቸው ሳይፈላ የማይነቃቁ ብዙ እናቶች ክኒኑን በስኒው እንደሚያወራርዱት አውቃለሁ። እንዲያ እያደረጉ ዓመታት የቆዩ እናት መድኃኒቱን ወሰዱ ይባላል እንጂ ጥቅሙን በቅጡ አላገኙም። ወዲያው መተኛቱም ቀላል ነገር አይደለም፤ ክኒኑ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። አሁን አሁን ብዙዎች በክኒን ፈንታ በየስድስት ወሩ ከቆዳ ሥር የሚሰጥ መርፌ ይወስዳሉ፤ ዴኖሱማብ ይባላል፣ የንግድ ስሙ ፕሮሊያ ነው። እሱም አልፎ አልፎ ይህንኑ የጭን ስብራት ያመጣል። ከቢስፎስፎኔት የሚለየው ግን አጥንት ውስጥ አለመቆየቱ ነው። ጊዜው ሲያልፍ ታስረው የነበሩት አፍራሽ ሕዋሳት ሁሉ በአንድ ላይ ይነሣሉ፤ በዚህም የተነሣ መርፌውን በድንገት ያቋረጡ ሴቶች በወራት ውስጥ ሁለትና ሦስት የጀርባ አጥንት በአንድ ጊዜ የተሰበረባቸው አሉ። ዴኖሱማብ ዕረፍት የለውም። ማቆም ካስፈለገ ሐኪሙ በቦታው ሌላ መድኃኒት ይተካል። ይህን በተለይ የምናገረው ለዓመት ወይም ለከፊል ዓመት ወደ አገር ቤት ለሚሄዱ አረጋውያንና ለልጆቻቸው ነው። የአውሮፕላን ትኬት ከመቆረጡ በፊት የሚቀጥለው መርፌ በየትኛው ቀን እንደሚውል ይታይ፤ ቀኑ በጉዞው መካከል ከዋለ ሐኪሙ ቀድሞ ይነገረው፤ መርፌው እዚያ የት እንደሚገኝና ማን እንደሚወጋው፣ ወይም በምን እንደሚተካ፣ ከመሄድ በፊት ተወስኖ ይለቅ።